ሐሙስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚደርስ ወለድ

ቴሌግራም ላይ «በዓመት 22 በመቶ፣ በዶላር» የሚል የስክሪን ፎቶ ሲለጠፍ ከሥሩ የሚከተለው አስተያየት ሁሌም ያው ነው፦ «ሊንኩን ወዲህ በሉ»። ሃያ ሁለቱ ከማን ኪስ እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ የማነሳው ማንም ፎቶውን የማይለጥፈውን ነው፤ 7 ተኩል በመቶ አካባቢ የሚከፍለውን፣ መጠኑም ቀኑም አስቀድሞ የሚታወቀውን። ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ የመብራቱንና የኔትወርኩን ጠባይ ችሎ፣ ዲፋይ (ያለ ባንክ፣ በኮድ ብቻ የሚሠራ የክሪፕቶ የገንዘብ አገልግሎት) ላይ ገንዘብ ለሚያቆይ ሰው ትንሿ ቁርጥ ወለድ ከትልቁ ተስፋ ትሻላለች ባይ ነኝ። ይህን የምለው ከጭምትነት አይደለም፤ ሒሳቡ ወደዚያ ስለሚወስድ ነው።

ከሒሳቡ በፊት ግን ሕጉ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ፣ የአገሪቱ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ብርን በሰው በሰው ወደ ስቴብልኮይን (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) ስለመቀየር ከዚህ ጽሑፍ አንድም መስመር አትጠብቁ። ለውጭ ደንበኛ ኮድ ጽፈው ክፍያው በስቴብልኮይን ይሁን የተባሉ የዩኒቨርሲቲው የፖሊና የፔዳ ግቢ ልጆችም መጀመሪያ የሕግ ሰው ጋ ይሂዱ፤ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሌላም ነገር አለ። ዲፋይ ውስጥ ገንዘብ ሲጠፋ አቤት የሚባልበት መስኮት የለም። ጉዳዩን የሚያይ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ነገ ተመለሱ የሚል ጸሐፊ እንኳ የለም። ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር ሁሉ ይህን እያስታወሳችሁ አንብቡት።

አሁን ሃያ ሁለቱን እንፍታው። እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሁለት ነገር ድምር ነው። 6 በመቶው ተበዳሪዎች የሚከፍሉት እውነተኛ ወለድ ነው እንበል፤ 16 በመቶው ፕሮቶኮሉ (አገልግሎቱን የሚያካሂደው ኮድ) ራሱ አትሞ የሚያድለው ቶክን፣ ማለትም የራሱ ዲጂታል ሳንቲም። የሚታደለው ቶክን በቀን የተወሰነ ነው፤ ፑሉ (የጋራ ቋቱ) ውስጥ ያሉ ሰዎች እንደየድርሻቸው ይከፋፈሉታል። ፎቶው ዞሮ ዞሮ የፑሉ ገንዘብ እጥፍ ሲሆን 16ቱ 8 ይሆናል። ቶክኑን የተቀበለ ሁሉ በማግስቱ ስለሚሸጠው ዋጋው 60 በመቶ ቢወርድ 8ቱ ወደ 3.2 ይወርዳል። የሚበደረው እንደሚያበድረው ባለመብዛቱ 6ቱም ወደ 4 ወረደ እንበል። ድምሩ 7.2። እዚህ ውስጥ ማንም አልሰረቀም፣ ኮዱም አልተሰበረም፤ ነገሩ በተራ አካሄዱ ሄዶ ነው እዚህ የደረሰው። ደግሞም ኤፒዋይ (የዓመት ወለድ) የሚባለው ቁጥር «የዛሬው ነገር ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ቢቀጥል» የሚል ግምት ነው። 2,000 ዶላር ላይ 22 በመቶ ሦስት ሳምንት ብቻ ቢቆይ የሚያስገኘው 25 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ሌላ ፑል መሄድ፣ እንደገና ጋዝ (የኔትወርክ ክፍያ) መክፈል፣ እንደገና አዲስ ኮድ ማመን ይመጣል።

የሽልማት ቶክን የሌለው፣ እንደ አቬ ያለ የብድር ገበያ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል። እሱም ቢሆን ተለዋዋጭ ነው። ወለዱን የሚወስነው ከተቀመጠው ገንዘብ ስንት እጁ ተበድሯል የሚለው ነው። ድርሻው ከተተለመለት መስመር ሲያልፍ ወለዱ ቀጥ ብሎ ይተኮሳል። ያን ቀን ስልካችሁ ላይ የሚያስደስት ቁጥር ታያላችሁ። ግን ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ተበድሮ አልቋልና ልታወጡት የማትችሉትም ያን ቀን ነው።

እንግዲህ የእኛ ቦታ ጉዳይ። ከፍተኛ ወለድ ማሳደድ ሥራ ነው፤ ጠዋትና ማታ መከታተል፣ ሽልማቱን መሰብሰብና መሸጥ፣ ወለዱ ሲወርድ ቀድሞ መውጣት፣ ብድር ካለበት ማስያዣውን መጠበቅ ይፈልጋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህ ሥራ በአንድ ቀን የማይሠራ ሆነ። ዋይፋይ ያለበት ቢሮ ወይም ሆቴል መግባት የሚችል ነበር፤ የማይችለው ይበዛ ነበር። የዩቲዩብ አስተማሪዎች ስለ ስማርት ኮንትራት (ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) ስጋት ያወራሉ፣ ስለ ዋጋ መዋዠቅ ያወራሉ። «ለአንድ ወር ዋሌትህን መክፈት ባትችልስ?» የሚለውን ጥያቄ ግን አያነሱም። እኛ ዘንድ ከሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ገንዘቡ እናንተ በሌላችሁበት ምን ያደርጋል? መጠኑ አስቀድሞ የተቆረጠ ወለድ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አጭር ነው፦ ቀኑ እስኪደርስ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ቀን ነው። የጣና ውሃ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ጢስ ዓባይ ላይ ተርባይን ለሚያዞር ሰው የዓመቱ አማካይ ፍሰት ብዙም አይረባውም፤ የሚጨንቀው በግንቦት ስንት ውሃ ያገኛል የሚለው ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በር ያለው ግድብ የተሠራው ለዚሁ ነው። ቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰውም እንደ ተርባይኑ ነው፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚፈልገው ገንዘብ ጥር ላይ ደህና ወለድ ማግኘቱ አይጠቅመውም። እግረ መንገዴን፣ ውሃውን ማስተካከል ነጻ አልነበረም። የቀነሰውን ውሃ የከፈለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ወለድ ሲቆረጥም ከፋይ አለ፤ ማን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሠራሩን ለማስረዳት ከእቁብ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በየወሩ 5,000 ብር የሚጥሉ ሃያ ሰዎች አሉ እንበል፤ ዕጣው 100,000 ብር ነው። በሦስተኛው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው ካልቸኮለ፣ ለቸኮለው በ6,000 ብር ዕጣውን ይሸጥለታል፤ እሱ የገዢውን ተራ ይጠብቃል። ያ 6,000 ብር የጊዜ ዋጋ ነው። የቸኮለ ከፈለ፣ የታገሠ ተቀበለ፤ ስንት እንደሆነ ደግሞ ሁለቱም በዕለቱ አወቁት። መንግሥት የሚሸጠው የግምጃ ቤት ሰነድም ይኸው ነው፤ የ91 ወይም የ182 ቀኑን ሰነድ በላዩ ከተጻፈው ዋጋ ቀንሳችሁ ትገዙታላችሁ፣ ቀኑ ሲደርስ ሙሉውን ትቀበላላችሁ። ልዩነቱ ወለዳችሁ ነው።

ዲፋይ ውስጥ ይህን በሰፊው የሚሠራው ፔንድል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረ። ወለድ የሚያፈራን አንድ ቶክን ወስዶ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። አንዱ ፒቲ ይባላል፤ ዋናው ገንዘብ ነው፣ ቀኑ ሲደርስ የአንድ ዶላር ዋጋ ያወጣል። ሌላው ዋይቲ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚመጣው ወለድ የእሱ ነው። ፒቲ ወለዱ ስለተገፈፈበት ከአንድ ዶላር በታች ይሸጣል። 180 ቀን የቀረው ፒቲ 0.965 ዶላር ቢሸጥ፣ በ2,000 ዶላር 2,072.54 ፒቲ ትገዛላችሁ። ቀኑ ሲደርስ 2,072.54 ዶላር፤ ትርፉ 72.54። በስድስት ወር 3.63 በመቶ ነው፣ ወደ ዓመት ሲመነዘር 7.5 በመቶ ገደማ። ይህ ቁጥር የተወሰነው በገዛችሁበት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ወለዱ 30 ቢገባ 2 ቢወርድ እናንተን አይመለከትም።

ከፋዩ ማነው ላልኩት፣ ዋይቲውን የገዛው ሰው ነው። ፒቲ 0.965 ከሆነ ዋይቲ 0.035 ነው። 2,000 ዶላር ይዞ ዋይቲ የገዛ ሰው 57,143 ያህል ዋይቲ ይይዛል፤ የ57,143 ዶላርን ወለድ ለስድስት ወር ይሰበስባል ማለት ነው። የወለዱ አማካይ በዓመት 5 በመቶ ከሆነ የሚሰበስበው 1,390 ዶላር ገደማ ነው፤ 610 ዶላር ያህል ከሰረ። አማካዩ 12 ቢሆን በደንብ ያተርፋል። ዋይቲ ቀኑ ሲያልቅ ዋጋው ዜሮ ነው። ብዙ ጀማሪ ስክሪኑ ላይ የዋይቲን ትልቅ ቁጥር አይቶ ይገዛና፣ ዋጋው በየቀኑ ሲቀልጥ «ተበላሁ» ይላል። ማንም አልበላውም፤ ዕቃው እንደ በረዶ የሚቀልጥ መሆኑን ሳይጠይቅ ነው የገዛው። ብዙ ዋይቲ ገዢዎች ለወለዱ ብቻ ሳይሆን ወደፊት ቶክን ይሆናል ለሚባል ነጥብም ጭምር ነው የሚከፍሉት፤ የፒቲ ወለድ አንዳንዴ ከሚጠበቀው በላይ የሚወፍረው ለዚህ ነው። የእናንተ እርግጠኝነት የተገዛው በሌላ ሰው ተስፋ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ሁለቱም ወደው ነው የገቡበት።

«ቋሚ» የሚል ስም የያዘ ሁሉ ግን እንዲህ ከፋይ የለውም። ቴራ በተባለው የክሪፕቶ ኔትወርክ ላይ የነበረው አንከር የተባለ ፕሮቶኮል በዩኤስቲ (የቴራ ስቴብልኮይን) 19.5 በመቶ አካባቢ ይከፍል ነበር፤ ሰውም እንደ ቋሚ ወለድ አየው። ከተበዳሪ የሚገባው ለተቀማጩ ስለማይበቃ ጉድለቱ የሚሞላው ከመጠባበቂያ ነበር። መጠባበቂያው ሲሳሳ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የ450 ሚሊዮን ዶላር ድጎማ ተፈቀደለት፤ በግንቦት 2022 ዩኤስቲ ራሱ ከዶላሩ ተላቀቀ፣ ደጋፊው ከነበረው ሉና ከተባለው ቶክን ጋር አብሮ ወደቀ። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ወለዱ አስቀድሞ ተከፍሏል ወይስ ገና ይከፈላል ተብሎ ነው? ፒቲ ላይ ቅናሹን በግዢው ቀን ወስዳችሁታል። አንከር ላይ የነበረው ቃል ነው።

ፒቲም ቢሆን የሚቆርጠው ወለዱን እንጂ ሁሉን ነገር አይደለም፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ ነገር፣ ቋሚ የሚሆነው እስከ መጨረሻው ቀን ለያዘ ብቻ ነው። በ0.965 ገዝታችሁ ከ60 ቀን በኋላ ገንዘቡ ቢያስፈልጋችሁ የምትሸጡት በዚያን ዕለት ገበያ ነው። ቀሪው 120 ቀን፣ የገበያው ወለድ ወደ 15 በመቶ ወጥቶ ከሆነ የፒቲው ዋጋ 0.955 ነው፤ ሁለት ወር ይዛችሁ አንድ በመቶ ከሰራችሁ። ወለዱ ወደ 4 ወርዶ ቢሆን 0.987 ትሸጡታላችሁ፣ በሁለት ወር 2.3 በመቶ ታተርፋላችሁ። ደስ ይላል፣ ግን ያኔ የያዛችሁት ቋሚ ወለድ መሆኑ ቀርቶ ንግድ ሆኗል። ለዚህ ነው ለቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ የስድስት ወር ፒቲ ውስጥ መግባት የሌለበት።

ሁለተኛ፣ «አንድ ዶላር» የሚለው የትኛው ዶላር ነው? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሲሊኮን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ ዩኤስዲሲ ከተባለው ስቴብልኮይን መጠባበቂያ 3.3 ቢሊዮን ዶላሩ እዚያ ነበር፤ ዩኤስዲሲ ለሁለት ሦስት ቀን እስከ 0.88 ወርዶ ተመለሰ። ኢቴና የተባለው ፕሮቶኮል ያወጣው ስቴብልኮይን ዩኤስዲኢ ደግሞ ሲፈጠር የቆመው ባንክ ውስጥ ባለ ዶላር አይደለም፤ ክሪፕቶ ይዞ በዚያው መጠን፣ ዋጋ ሲወርድ የሚያተርፍ ውል በመግባት ነው። ወለዱም ከዚያ ውል ክፍያ ስለሚመጣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ይሳሳል። ፒቲ የሚቆርጥላችሁ ይህን የወለድ መሳሳት ነው። ሥሩ ያለው ዶላር ቢሰበር ግን ፒቲው አብሮ ይሰበራል፤ 7.5 በመቶ የተሰበረ ዶላር አይጠግንም። በኢቴር (የኢቴሬም ኔትወርክ ሳንቲም) ላይ የተሠራ ፒቲ ደግሞ ወለዱ የሚቆረጠው በኢቴር ነው። በኢቴር 3 በመቶ አተረፍኩ ያለ ሰው በዶላር ግማሹን ሊያጣ ይችላል።

ሦስተኛው ኮዱ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ፔንፓይ የተባለ፣ ፔንድል ላይ ተደርቦ የሚሠራ ፕሮቶኮል ተሰብሮ 27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተወሰደበት። ፔንድል ላይ በቀጥታ ፒቲ የያዘ ሰው አልተነካም፤ የተነካው ለትንሽ ጭማሪ ብሎ አንድ ፎቅ የደረበው ነው። እያንዳንዱ ፎቅ አዲስ ኮድ ነው። ፎቁ ስንት እንደሆነ መቁጠር ትርፉን ከመቁጠር ይቀድማል።

ቋሚውን መልሶ ተለዋዋጭ የሚያደርግ አንድ አጉል ብልጠትም አለ። ፒቲውን ማስያዣ አድርጎ መበደር፣ በብድሩ ሌላ ፒቲ መግዛት፣ እንደገና መበደር። 7.5 እያገኙ በ5 ሲበደሩ ልዩነቱ ሲባዛ ያማልላል። ግን የሚበደሩት በተለዋዋጭ ወለድ ነው። ብድሩ አንድ ሳምንት 12 ቢገባ በየዙሩ ኪሳራ ነው፤ የፒቲው ዋጋ በዚያው ሰሞን ስለሚወርድ ማስያዣውም ይሳሳል። ኔትወርክ በጠፋበት ሳምንት ቢሆንስ? ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለስን።

አገዛዙ ላይ እንምጣ። የፔንድልን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ፤ ከጉግል ማስታወቂያም ከቴሌግራም ሊንክም አትግቡ። አስመሳይ ገጾች አንዲት ፊደል ብቻ ለውጠው ነው የሚጠብቁት። መጀመሪያ የምታዩት ትርፉን ሳይሆን ማብቂያ ቀኑን ነው። ነሐሴ 25 ገንዘብ ካስፈለጋችሁ ከነሐሴ 10 በፊት የሚያበቃውን ምረጡ፤ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ። ቀጥሎ ሥሩ ያለው ቶክን ምንድነው? ማን አወጣው? በምን ተደግፏል? ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለጎረቤት ማስረዳት ካልቻላችሁ እዚያ ላይ አቁሙ። ከዚያ ሁለት ቁጥሮችን አወዳድሩ፤ አሁን እየተከፈለ ያለውን ወለድና ፒቲው የሚቆርጠውን። ቶክኑ 5 እየከፈለ ፒቲው 7.5 ከቆረጠ ጥሩ ነው። ቶክኑ 11 እየከፈለ ፒቲው 7.5 ከሆነ ገበያው ወለዱ ይወርዳል ብሎ ያምናል፤ ልክ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ፒቲው ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ 25 በመቶ ከቆረጠ ደግሞ ስጦታ አይደለም። ገበያው ያ ዶላር በቀኑ አንድ ዶላር መሆኑን ተጠራጥሯል።

ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ወለድ ለትንሽ ገንዘብ ነው። የምታስገቡትን ትክክለኛ መጠን ጻፉና እንደገና እዩት። ፑሉ ጥልቀት ከሌለው የራሳችሁ ግዢ ዋጋውን ያንረዋል። 0.3 በመቶ ዋጋ ቢነሳባችሁ ትንሽ ይመስላል፤ 180 ቀን በቀረው ፒቲ ላይ በዓመት ሲሰላ 0.6 በመቶ ነው የሚበላው፣ 30 ቀን በቀረው ላይ ግን 3.65 በመቶ፣ ማለትም የወለዱን ግማሽ። ቀኑ ባጠረ ቁጥር የመግቢያው ወጪ ይከብዳል። ብዙ ሰው አጭሩ አይጎዳም ብሎ የሚገባበት ይህ ነው።

የጋዙም ነገር ያው ነው። 200 ዶላር በዚሁ ዋጋ ብታስገቡ በስድስት ወር የምታተርፉት 7.25 ነው። በዋናው ኢቴሬም ላይ በተጨናነቀ ቀን መግባትና መውጣት ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። ለአነስተኛ ገንዘብ እንደ አርቢትረም ያለ ርካሽ ኔትወርክ ይሻላል። እዚያ ግን ሁለት ዓይነት ዩኤስዲሲ ስላለ የላካችሁት የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። ኮንትራቱን ስትፈቅዱ ዋሌቱ ገደብ የሌለው ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ልክ የምታስገቡትን መጠን ጻፉበት። በ20 ዶላር ሞክሩ፣ ፒቲው ዋሌታችሁ ውስጥ መግባቱን እዩ፣ ከዚያ ቀሪውን። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ ትንሹ ነገር ነው። ሁሉን ገንዘብ ወደ ፒቲ ቀይረው ለመውጫ የሚሆን ኢቴር ሳያስቀሩ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ቀኑ ደርሶ፣ ገንዘቡ እየታየ፣ የሃምሳ ሳንቲም ጋዝ ጠፍቶ ሰው መለመን! በአርቢትረም የአምስት ዶላር ኢቴር አስቀምጣችሁ እርሱት።

ገንዘቡ ትንሽ ከፍ ካለ በሦስት የማብቂያ ቀኖች ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሁለት፣ አራትና ስድስት ወር ላይ የሚያበቁ ፒቲዎች። አንዱ ሲደርስ ያልተፈለገው ወደ ረጅሙ ይዞራል። ከሁለት ሺህ ዶላር በታች ይህን ማድረግ ልፋቱን አያክልም።

አማራጮች አልነበሩም አይባልም። ኖሽናል በቀጥታ በቋሚ ወለድ ማበደርና መበደር የሚያስችል ገበያ አቋቁሞ ነበር። ዪልድ ፕሮቶኮል ደግሞ ጥሩ የተሠራ ሆኖ ሳለ ፈላጊ አነሰውና እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ተዘጋ። በሥርዓት ነው የተዘጋው። ሆኖም የሁለት ዓመት ፒቲ የሚገዛ ሰው «ቤቱ ያኔ ይኖራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እኔ ከስድስት ወር በላይ አልመክርም።

አሁን ወደ ማብቂያው። የፔንድል ገበያዎች የሚያበቁት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሐሙስ 00:00 ላይ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ረቡዕ ማታ ዋሌት ከፍቶ ገና ነው ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ሐሙስ ጠዋት ቡና ሲፈላ ደርሶ ታገኙታላችሁ። ከማብቂያው በፊት በነበሩት ቀናት መሸጥ የፑሉን ወጪ ያስከፍላል፤ ከማብቂያው በኋላ ሪዲም ማድረግ (ፒቲውን መልሶ ገንዘቡን መውሰድ) ግን ዋጋ የማያዛባ፣ አንድ በአንድ የሆነ ልውውጥ ነው። ስለዚህ ጥቂት ቀን ቀርቶት ለሚቸኩል ሰው መታገሥ ገንዘብ ነው።

ሪዲም ስታደርጉ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ታያላችሁ። 2,072.54 የዩኤስዲኢ ፒቲ ይዛችሁ የምትቀበሉት ለምሳሌ 1,756.39 ኤስ-ዩኤስዲኢ (ወለድ እንዲያፈራ የተቀመጠ ዩኤስዲኢ) ይሆናል። አልጎደለም። የተቀመጠው ዩኤስዲኢ ወለድ እየተጨመረበት አንዱ 1.18 ዶላር ከሆነ 1,756.39 ሲባዛ በ1.18 ያው 2,072.54 ነው። ቃሉ «የአንድ ዶላር ዋጋ» ነው እንጂ «አንድ ቶክን» አይደለም። ከዚያ ወደ ተራ ዩኤስዲኢ ለመመለስ በኢቴና በኩል እስከ ሰባት ቀን መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ ወይ ገበያ ላይ በትንሽ ቅናሽ መሸጥ። ነሐሴ 25ን ወደ ነሐሴ 10 ያወረድኩት ለዚህ ነው፤ ሰባት ቀን ለመጠበቂያው፣ ቀሪው ደግሞ ለኔትወርኩ።

ማብቂያው ያለፈ ፒቲ ምንም አይወልድም፤ ዋሌት ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አይጠፋም፣ አይቀጣም፣ ቀነ ገደብ የለውም። ሐሙስ ጠዋት ኔትወርክ ባይኖርና ሪዲም ያደረጋችሁት በሳምንቱ ቢሆን የሚያመልጣችሁ የአንድ ሳምንት ወለድ ነው፤ በ2,072 ዶላር ላይ በ7.5 በመቶ ሲሰላ ሦስት ዶላር የማይሞላ።